የእማማ እንዝርት አለ?

አንተ ሰው፣ እንደምን አለህልኝ?

ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስጽፍልህ ግራ ይገባህ ይሆናል። ይቅርታ። እማማ ማረፋቸውን የሰማሁት አርባቸው ካለፈ በኋላ ነው። ስልኩን አነሳሁ፣ የምልህ ጠፋኝና መልሼ አስቀመጥኩት። ነገ ነገ ስል ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ከዚያ እፍረቱ መጣ። በቃ፣ ይሄን ስንገናኝ አፌን ሞልቼ እነግርሃለሁ። አሁን ግን አንድ ነገር ካልነገርኩህ እንቅልፍ አይወስደኝም።

አራት ኪሎ ትዝ ይልሃል? መምህሩ ያቺን የኒውክሊየስን፣ የአቶምን እምብርት ማለቴ ነው፣ ሽክርክሪት የምታሳይ ወደ ኋላ የምትታጠፍ መስመር ሰሌዳው ላይ ስሎ ሳይጨርስ፣ "የሚሽከረከር ነገር ሽክርክሪት ሲጨመርለት እንዴት ይዘገያል?" ብለህ የተሟገትከው? ያቺን መስመር ዛሬ በራሴ ዳታ አየኋት!

ያለሁት እዚያው ኬፕታውን አጠገብ፣ ኢቴምባ ላብስ የሚባለው የኒውክሌር ምርምር ማዕከል ነው። ሁለት ኒውክሊየሶች ተጋጭተው ሲዋሃዱ አዲሱ ኒውክሊየስ እንደ ጉድ እየሾረ ይወለዳል፣ በሰከንድ ከአስር ቢሊዮን ቢሊዮን ዙር በላይ። ጥቂት ኒውትሮን ይተፋና የቀረውን ሽክርክሪት በጋማ ጨረር ደረጃ በደረጃ ያራግፋል። ያን ጋማ የሚለቅሙልን አፍሮዳይት የምንላቸው የጀርማኒየም መመርመሪያዎች ናቸው። የሚቀዘቅዙት ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ነው፤ ሲሞላ ቱቦው አመዳይ ለብሶ ይንጫጫል፣ ነጩ ጉም እግርህ ሥር ይንከባለላል። ቅዳሜና እሁድ የሌሊት ተራ ሲደርሰኝ ያን ድምፅ እየሰማሁ ነው የማነጋው።

እኔ የምፈልገው ሌላ ኒውክሊየስ ነው፤ ኤርቢየም 158 የሚባለው ከዚያው ግጭት አብሮ የመጣ እንግዳ ነው። ግን መለኪያዬ ልክ መሆኑን ላረጋግጥ ብዬ የእሱን ጋማዎች ጉልበት ከዝቅተኛው ሽክርክሪት ጀምሬ አንድ በአንድ ጻፍኩት፤ ጉልበቱ ከፍ ካለ ኒውክሊየሱ በፍጥነት ይሾራል ማለት ነው። 192፣ 335፣ 443፣ 523፣ 579፣ 608 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት። እየጨመረ፣ እየጨመረ። ቀጣዩ 510! ከዚያ 473። ሽክርክሪት ተጨምሮለት ዘገየ! እጄ ተንቀጠቀጠ። ስቶክሆልም ያሉ ተመራማሪዎች እንዲህ ያለውን ነገር እ.ኤ.አ. በ1971 አይተውታል፣ አዲስ ነገር አላገኘሁም። ግን ለወራት ካጸዳሁት ቆጠራ ራሱ ብቅ ሲል እንዴት ልንገርህ።

ምክንያቱን በማግስቱ ዓመት ስቲፈንስና ሳይመን የተባሉ የፊዚክስ ሰዎች ተናገሩ። ኒውትሮኖቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የሚኖሩት። ሽክርክሪቱ ሲበረታ ከመሽከርከሩ የሚመጣው የኮሪዮሊስ ኃይል አንዱን ጥንድ ያላቅቀዋል፣ ሁለቱም ከመሽከርከሪያው ዘንግ ጋር ይሰለፋሉ። ሸክሙን እነሱ ሲይዙት የቀረው አካል ቀስ ይላል።

እና በዚያች ቅጽበት የመጣብኝ ምን መሰለህ፣ የእማማ እንዝርት። በረንዳው ላይ ባዘቶውን በግራ እጃቸው ይዘው እንዝርቱን ጭናቸው ላይ ሲያሾሩት፤ ባዶው ዓይን እስኪያዞር ይበራል፣ ፈትል ሲጠግብ ደግሞ ከብዶት ቀስ ይላል። ልክ አንድ አይደለም፣ አውቃለሁ፣ ልትሟገተኝ ነው። ይኸው አንተም ጋሼ ሆነሃል አሉ፤ አንተ መምህሮቻችንን እንዳስጨነቅካቸው ተማሪዎችህ ያስጨንቁህ!

እና... እንዴት ብዬ ልጠይቅህ። እንዝርታቸው አለ? ወይስ እህትህ ወሰደችው? ካለ፣ ባዶውን አንዴ፣ ፈትል የሞላውን አንዴ አሹርና በስልክህ ቅረጽልኝ። በሚቀጥለው ወር ለቡድናችን ሥራዬን ሳቀርብ ከሁሉ በፊት እሱን ላሳያቸው እፈልጋለሁ። የማን እንደሆነም እነግራቸዋለሁ። መንካቱ ከከበደህ ግን ተወው፣ አልቀየምህም።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ እደውላለሁ። አንሳልኝ።