ስለ አጎትሽ አንጎል

የኔ ልጅ፣ እንደምን ሰነበትሽ?

ባለፈው ስልክ ላይ «አጎቴ እኮ አስቦ አይደለም የሚመርጠው፣ ሳይንስ አረጋግጦታል» ያልሽኝ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። የኤመሪ ዩኒቨርሲቲውን ጥናት ነው ያልሽው። እዚሁ እኛ ሰፈር፣ አትላንታ የተሠራ ስለሆነ ፈልጌ አነበብኩት።

ድሩ ዌስተንና ባልደረቦቹ ከ2004ቱ የአሜሪካ ምርጫ በፊት 30 ወንዶችን ኤፍኤምአርአይ በሚባለው፣ የአንጎልን እንቅስቃሴ በሚያሳየው ማሽን ውስጥ አስተኙ። ግማሹ ሪፐብሊካን፣ ግማሹ ዴሞክራት፣ ሁሉም የለየላቸው ደጋፊዎች። የሪፐብሊካኑ ዕጩ ቡሽም የዴሞክራቱ ኬሪም ቃላቸውን ያጠፉ የሚመስሉባቸውን ንግግሮች አስነበቧቸው። የተቃራኒውን ሰው ጉድ ወዲያው አዩ። ወደ ራሳቸው ሰው ሲመጣ ግን ስሜትን የሚያስተናግዱት የአንጎል ክፍሎች ሥራ በዛባቸው፤ ለረጋ ማመዛዘን የሚነሳው ክፍል ዝም አለ። ማስተባበያ ሲቀርብላቸው ደግሞ እፎይ!

ታዲያ ሁለቱም ወገን ነው የወደቀው፣ ልጄ። እኔም አለሁበት። የባለፈውን ክርክር ስናይ የኔ ሰውዬ መንተባተብ ሲጀምር ሪሞቱን አንስቼ ድምፁን ቀነስኩና «ቡናው አልደረሰም?» ብዬ ወደ ኩሽና ጮህኩ። እናትሽ ገብቷት ሳቀችብኝ።

ደግሞ ማሽኑ ሐሳብ አያነብም። የሚከታተለው በደም ውስጥ ያለውን የኦክስጅን ለውጥ ነው። በ2007 አንድ ቡድን ገና ያልወሰኑ 20 መራጮችን አንጎል አይቶ ኒውዮርክ ታይምስ ላይ ጻፈ። ያኔ ለፕሬዚዳንትነት ይወዳደር የነበረውን የሚት ሮምኒን ፎቶ ሲያዩ አሚግዳላቸው (ስሜትን የሚያስተናግድ የአንጎል ክፍል ነው) ስለነቃ ጭንቀት ሳይሆን አይቀርም አሉ። በሦስተኛው ቀን 17 ሳይንቲስቶች መልስ ጻፉባቸው። አሚግዳላ እኮ ደስ ሲለንም ይነቃል። ጎረቤት ጭስ ስላየሽ ቤቱ ተቃጠለ አትይም፤ እንጀራ እየጋገሩ ይሆናል። (የሞተ ሳልመን ዓሣ ማሽኑ ውስጥ ከተው፣ በአጋጣሚ የሚመጣውን ምልክት የሚያጣራው ስሌት ስላልተሠራ ብቻ «ሲያስብ» ያገኙትንም አንብቢ። ብቻዬን ስስቅ ነበር።)

አጎትሽን ለምን እንደሚመርጥ ጠይቀሽው ታውቂያለሽ? እኔም እስካለፈው እሁድ ጠይቄው አላውቅም ነበር። ስለ ሱቁ ግብር፣ ስለ ሠራተኞቹ ኢንሹራንስ፣ ስለ ልጁ ትምህርት ቤት አወራኝ። አልተስማማሁም። ቡናው ግን ሦስተኛ ደረሰ፣ እሱም ገና አልጨረሰም ነበር። ለበዓል ስትመጪ ቀጥሎ ይነግርሻል፣ ቀጠሮ አስይዤልሻለሁ።

አባትሽ