«ሲስተሙ ነው» መልስ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሰሞን ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ደክማችሁበታል፣ ያስታውቃል። ሁለት ቦታ ላይ ግን ጎረበጠኝ። አንደኛ፣ ነገሩ ሁሉ ቻትጂፒቲ በመጣ ማግስት የተጀመረ አስመስላችሁታል። ሁለተኛ፣ «ለማንኛውም ችግር መፍትሔ ያለው ማሽን» የሚለው አርእስት። እንድጽፍ የገፋፋኝ ይሄኛው ነው፤ ምክንያቱም ጋዜጣችሁን ባነበብኩበት ሳምንት አንድ ማሽን ችግሬን ሊፈታልኝ ቀርቶ ራሱ ችግር ሆኖብኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስሙን ከማልጠቅሰው አንድ ተቋም ብድር ጠየቅኩ። ትልቅ ገንዘብ አይደለም። ፎርሙን ሞላሁ፣ ማስረጃውን አያያዝኩ፣ በሁለተኛው ቀን «ጥያቄዎ ተቀባይነት አላገኘም» የምትል አንድ መስመር ስልኬ ላይ ገባች። ምክንያት የላትም። ሄጄ ጠየቅኩ። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ኮምፒውተሯን አየት አድርጋ «ሲስተሙ ነው ያልተቀበለው» አለችኝ። ሲስተሙ ለምን አልተቀበለውም? «እሱን እኛ አናየውም።» ታዲያ ማን ነው የሚያየው? ዝም። አለቃዋ ዘንድ ገባሁ፣ እሱም «ሲስተሙ ነው» አለኝ፣ ዛሬ ዝናብ ይዘንባል እንደሚል ሰው ተረጋግቶ። በሦስተኛው ምልልሴ አንድ ትዕግሥተኛ ሠራተኛ ወረቀቴንና ስክሪኑን መስመር በመስመር ሲያስተያይ፣ የወር ገቢዬ አንድ ዜሮ ጎድሎት መመዝገቡን አየ። አንዲት ዜሮ! ሦስት ሳምንት ያመላለሰችኝ እሷ ናት።

በልጅቷ አልፈርድም፣ ለእሷም የነገራት የለም። የሚያበሽቀኝ ሌላ ነው። «ለምን?» ተብሎ ሲጠየቅ መልስ የሚሰጥ ፕሮግራም ከተሠራ እኮ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነው ወይም ሞልቶታል። ይሄን የማውቀው ድሮ ኤክስፐርት ሲስተም የሚባለውን፣ የባለሙያን እውቀት በደንብ መልክ ይዞ የሚመክር ፕሮግራም፣ ስለተማርኩና አንድ ትንሽ ራሴም ስለሠራሁ ነው።

እስቲ ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ፤ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው። በ1957 አለን ኒውዌል፣ ኸርበርት ሳይመንና ክሊፍ ሾው የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ ፕሮግራም ይዘው ብቅ አሉ። ስሙን ምን አሉት መሰላችሁ? «አጠቃላይ ችግር ፈቺ»። አርእስታችሁ ያኔም ነበረ ማለት ነው። ፕሮግራሙ የሚፈለገውን ግብና አሁን ያለበትን ቦታ ያስተያያል፣ ከዚያ ልዩነቱን የሚያጠብ እርምጃ ይፈልጋል። እንቆቅልሽና የሎጂክ ጥያቄ ላይ ሠራ። ወደ እውነተኛው ዓለም ችግር ሲመጣ ግን አማራጩ እየተባዛ እየተባዛ ሄዶ መውጫ አሳጣው።

ኤድዋርድ ፋይገንባምና የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቹ ከዚህ ተነሥተው ነገሩን ገለበጡት። ብልጠት ብቻውን የትም አያደርስም፣ ዋናው እውቀት ነው አሉ። ሁሉን የሚፈታ ማሽን ከመሥራት አንድ ጠባብ ነገር ላይ እንደ ባለሙያ የሚያውቅ ማሽን እንሥራ ነው ነገሩ። በ1965 የተጀመረው ዴንድራል የተባለ ፕሮግራም የኬሚስቶችን እውቀት ይዞ፣ ከመለኪያ መሣሪያ በተገኘ ውጤት ላይ ተመሥርቶ የአንድን ሞለኪውል አወቃቀር ይገምት ነበር። ከሠሪዎቹ አንዱ ጆሹዋ ሌደርበርግ ነበር፣ በ1958 የኖቤል ሽልማት የወሰደው።

እኔ የምወደው ግን ማይሲንን ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኤድዋርድ ሾርትሊፍ እዚያው ስታንፎርድ የሠራው። ሥራው በደም ውስጥ የገባ ኢንፌክሽንንና ማጅራት ገትርን ያመጣውን ባክቴሪያ መለየትና መድኃኒት መምከር ነበር። ውስጡ 500 ገደማ ደንቦች አሉ፣ ሁሉም «እንዲህ ከሆነ እንዲህ ነው» የሚሉ። ለምሳሌ ባክቴሪያው ግራም ኔጌቲቭ (በላቦራቶሪ ቀለም ሲፈተሽ ከሚለዩት ሁለት ወገኖች አንዱ) ከሆነ፣ ቅርጹ ዘንግ ከመሰለ፣ ኦክስጅን በሌለበት የሚያድግ ከሆነ፣ ባክቴሮይድስ የተባለው የባክቴሪያ ዓይነት ሳይሆን አይቀርም፣ የእርግጠኝነት መጠን 0.6። ፕሮግራሙ ከግምቱ ተነሥቶ ወደ ኋላ እየሄደ የጎደለውን ሐኪሙን ይጠይቃል። ሐኪሙ መሃል ላይ አስቁሞት «ይሄን ለምን ጠየቅከኝ?» ማለት ይችላል። ያኔ ማይሲን ደንቡን አውጥቶ ያሳየዋል። እዚህ ድምዳሜ ላይ እንዴት ደረስክ ቢለውም የመጣበትን መንገድ አንድ በአንድ ይቆጥርለታል። በ1979 በታተመ ጥናት ስፔሻሊስቶች የማን እንደሆነ ሳይነገራቸው ለ10 የማጅራት ገትር ሕሙማን የቀረቡ የሕክምና ምክሮችን መዘኑ። የማይሲን ምክር 65 ከመቶ ተቀባይነት አገኘ። የስታንፎርድ የዘርፉ መምህራን ያገኙት ከ42.5 እስከ 62.5 ነበር።

ሆኖም ማይሲን ሆስፒታል ገብቶ በሽተኛ አላከመም። የዘመኑ ኮምፒውተር ለዚያ አይመችም፣ ሐኪሙም ቁጭ ብሎ ሁሉንም ጥያቄ በኪቦርድ ሲመልስ ጊዜው ይሄዳል፣ ከተሳሳተስ ማን ይጠየቃል የሚለውም አልተቋጨም ነበር። (ይቺን የመጨረሻዋን ያዙልኝ።)

አሁን ወደ ራሴ ሥራ። ለመመረቂያዬ የናፍጣ ሞተር ብልሽት የሚለይ ፕሮግራም ፕሮሎግ በተባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ልጽፍ ተነሣሁ። እውቀቱን ለማግኘት አንድ አንጋፋ መካኒክ ዘንድ ደብተሬን ይዤ ተመላለስኩ፣ ጋሼ ነበር የምላቸው። መጀመሪያ ቀን «ብልሽቱን እንዴት ነው የሚያውቁት?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ድምፁ ይነግረኛል» አሉኝ። ምን ብሎ? «ስትሰማው ታውቀዋለህ።» ይሄን ደብተር ላይ እንዴት አድርጌ ልጻፈው? ፋይገንባም የዘርፉ ማነቆ እውቀት ማሰባሰቡ ነው ሲል የጻፈውን አንብቤ ነበር፣ ግን ጋሼ ፊት ቁጭ ስል ነው የገባኝ። ሰው የሚያውቀውን ሁሉ ማወቁን አያውቅም። ሲሠሩ እያየሁ፣ በየመሃሉ «አሁን ይሄን ለምን ነካኩት?» እያልኩ እየነዘነዝኳቸው፣ በወራት ውስጥ አርባ ያህል ደንብ ወጣኝ። ጭሱ ጥቁር ከሆነ አየሩ አንሶታል ወይም ናፍጣው በዝቷል፣ ፊልትሮውን እይ። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ነጭ ጭስ ካላቆመና የራዲያተሩ ውኃ ከጎደለ፣ ውኃው ወደ ሲሊንደር እየገባ ነው፣ ቴስታታውን ጠርጥር። እንዲህ እንዲህ።

ሲያልቅ ኮምፒውተር ይዤላቸው ሄድኩ። ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም፣ እኔ እየጻፍኩ እሳቸው እየመለሱ ፕሮግራሙን አንድ ሞተር አስመረመርነው። ፕሮግራሙ «የፒስተን ፋሻ አልቋል» አለ። ጋሼ ሳቁ። «ለምን አለ? ጠይቀው እስቲ።» ጠየቅኩት። «ደንብ 17፦ ጭሱ ሰማያዊ ከሆነና ዘይቱ እየጎደለ ከሆነ» ብሎ አወጣ። ጋሼ ትንሽ ዝም ብለው አዩትና «ደንብ 17 ውሸታም ነው። ሞተሩ ባለ ቱርቦ ከሆነስ? ቱርቦው ዘይት ሲያሳልፍም እኮ ጭሱ ሰማያዊ ነው። በዚህ ልጅ ምክር ሞተሩን አስፈትተህ ደህና ፋሻ ስታገኝ የምታፍረው አንተ ነህ» አሉኝ። አንድ መስመር ጨመርኩ፣ ተስተካከለ። አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ስለ ኮምፒውተር ምንም የማያውቅ ሰው ኮምፒውተሩን አረመው፣ ምክንያቱም ኮምፒውተሩ ያሰበውን ደብቆ አልያዘም ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ሠርቻለሁ፣ እንደዚያች ቅጽበት ደስ ያለኝ ግን ትዝ አይለኝም።

የድሮው ሁሉ ወርቅ ነበር ለማለት አይደለም። አልነበረም። የኔዋ ፕሮግራም ከናፍጣ ወደ ቤንዚን ሞተር ሲወስዷት ባዶ ናት፣ አለማወቋንም አታውቅም፣ ዝም ብላ የናፍጣ መልስ ትሰጣለች። ትልልቆቹም እንዲሁ ነበሩ። ጆን ማክደርሞት የሠራው ኤክስኮን የተባለ ኤክስፐርት ሲስተም ዲጂታል ኢኩዊፕመንት በተባለው የኮምፒውተር ኩባንያ ከ1980 ጀምሮ የኮምፒውተር ትእዛዞችን እያቀናጀ፣ የትኛው ዕቃ ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ እየለየ በዓመት በብዙ ሚሊዮን ዶላር የሚገመት ወጪ አድኗል። ግን ዕቃው በተለወጠ ቁጥር ደንብ ይጨመራል፣ ይቀየራል። ደንቦቹ ብዙ ሺህ ሲደርሱ አንዱን ሲነኩት ሌላው ይናጋል። በ1980ዎቹ ዓለም ሁሉ ኤክስፐርት ሲስተም ካልሠራሁ ብሎ ነበር፣ ጃፓን በ1982 አምስተኛ ትውልድ ያለችውን የአሥር ዓመት የኮምፒውተር ፕሮጀክት እስከመጀመር ደርሳለች። በ1987 ለዚህ ሥራ ተብለው የተሠሩት ውድ ማሽኖች ገበያቸው ተናደ፣ ግርግሩም በረደ። የዛሬውን ጭብጨባ ስሰማ ይሄ ትዝ ይለኛል፣ በቃ።

የዛሬዎቹ የሚሠሩት በሌላ መንገድ ነው። ደንብ የሚጽፍላቸው የለም፣ ከብዙ ምሳሌ ራሳቸው ይማራሉ። የተማሩት ነገር በቢሊዮን በሚቆጠሩ ቁጥሮች ውስጥ ተበትኖ ይቀመጣል። ስለዚህ የጋሼን «ስትሰማው ታውቀዋለህ» ዓይነቱን እውቀት፣ እኔ መጻፍ ያቃተኝን፣ እነሱ ይይዙታል። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ ምስጋና ይገባቸዋል። ችግሩ ከጋሼ እውቀት ጋር «ስትሰማው ታውቀዋለህ» የሚለውን መልስም አብረው ወረሱት። ደንብ 17 የላቸውም። ቻትቦቱን ለምን እንዲህ አልክ ብትሉት ያማረ ምክንያት ይደረድርላችኋል፣ ነገር ግን ያ ምክንያት ራሱ እንደ መጀመሪያው መልስ የተዘጋጀ ሌላ ጽሑፍ ነው፣ በእርግጥ በዚያ መንገድ ለመሄዱ ዋስትና የለም። አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል ይባል የለ። በ2023 ኒው ዮርክ ውስጥ ጠበቆች ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን፣ በዓለም ላይ የሌሉ የፍርድ ቤት ውሳኔዎች ጠቅሰው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። ፕሮግራሙን እውነት ናቸው ወይ ብሎ የጠየቀው ጠበቃ አዎ የሚል መልስ አግኝቶ ነበር!

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄ ከሁሉም ይበልጣል። በ1990ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች የሳንባ ምች ይዞት ከመጣው በሽተኛ የትኛው እንደሚሰጋለት፣ የትኛው ቤቱ ሄዶ መታከም እንደሚችል የሚገምቱ ፕሮግራሞችን በሆስፒታል መረጃ አሠለጠኑ። አንደኛ የወጣው ኒውራል ኔትወርክ የሚባለው፣ እንደ ዛሬዎቹ የተማረውን በቁጥሮች በትኖ የሚይዝ፣ ውስጡ የማይነበበው ነው። ከጎኑ ግን ደንብ እየጻፈ የሚማር ሌላ ፕሮግራም ነበር፣ እሱ «አስም ያለበት ሰው የመሞት ዕድሉ ዝቅ ያለ ነው» የሚል ደንብ አወጣ። ሐኪሞቹ ደነገጡ። ነገሩ ሲጣራ፣ አስም ያለበት ሰው የሳንባ ምች ሲይዘው በቀጥታ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ስለሚገባና ጥብቅ ክትትል ስለሚደረግለት ነው የሚተርፈው። መረጃው አልዋሸም፣ ፕሮግራሙም ያየውን ነው የተማረው። ግን በዚያ ደንብ ቢሠራ ኖሮ አስም ያለበትን ሰው «አንተ ደህና ነህ፣ ቤትህ ግባ» ሊለው ነበር። ኒውራል ኔትወርኩም ያንኑ መማሩ አይቀርም፣ ልዩነቱ እሱ ውስጥ ማንም አያየውም። ከተመራማሪዎቹ አንዱ የነበረው ሪች ካሩዋና እንደተናገረው፣ አንደኛ የወጣውን ትተውት በሚነበበው ሄዱ። ይሄኛውን ደንብ አገኘነው፣ ያላገኘናቸውስ ብለው ፈርተው።

ወደ ብድሬ ልመለስና፣ ሐቁን ለመናገር ያ «ሲስተሙ» ኤአይ መሆኑን እንኳ እጠራጠራለሁ። «ገቢው ከዚህ ካነሰ አትቀበል» የሚል አንድ ተራ ደንብ ሊሆን ይችላል፣ የማይሲን የልጅ ልጅ። እንደዚያ ከሆነ ምክንያቱ እዚያው ማሽኑ ውስጥ ቁጭ ብሎ ነበር። «የወር ገቢዎ ይህን ያህል ስለሆነ» የምትል አንድ መስመር ለልጅቷ ስክሪን ብትመጣ ኖሮ እኔ በመጀመሪያው ቀን «ኧረ አንድ ዜሮ ቀርቷል» ብዬ ወደ ቤቴ እሄድ ነበር። ስለዚህ መናገር የማይችል ማሽን አለ፣ መናገር እየቻለ አፉን የያዙት ማሽንም አለ። መስኮቱ ጋ ለቆመው ሰው ሁለቱም ያው ናቸው።

እናንተን የምጠይቀው እዚህ ላይ ነው። አንድ ድርጅት «በኤአይ መሥራት ጀመርኩ» ብሎ መግለጫ ሲሰጥ ምረቃውን ብቻ ዘግባችሁ አትመለሱ። ጥያቄው ውድቅ የተደረገበት ሰው ምክንያቱን ከማን ይሰማል? ማሽኑ ሲሳሳት የሚጠየቀው ማን ነው? ይሄ ከማይሲን ጊዜ ጀምሮ ያደረ ጥያቄ ነው። ኤር ካናዳ የተባለው አየር መንገድ በቻትቦቱ የተሳሳተ መረጃ ገንዘቡን ያጣ መንገደኛ ሲከሰው፣ ቻትቦቱ ለራሱ ተግባር ራሱ ኃላፊ የሆነ የተለየ አካል ነው ብሎ እስከ መከራከር ደርሶ ነበር። ጉዳዩን ያየው የዳኝነት አካል በ2024 አልተቀበለውም፣ ድርጅቱ እንዲከፍል ወሰነ። ይሄን የመሰለ ነገር ነው ለአንባቢ የሚጠቅመው፤ ጥያቄውን ግን ማሽኑ ከመተከሉ በፊት የሚጠይቅ ጋዜጠኛ ያስፈልጋል።

ስለ ኤክስፐርት ሲስተም የተሻለ ነገር ማውጣት ከፈለጋችሁ ደብተሬ አሁንም አለ፣ ዘይት የነካው ነው እንጂ ይነበባል። ለሪፖርተራችሁ በደስታ አሳየዋለሁ። አርእስቱን ብቻ ከማተማችሁ በፊት እኔም ልየው።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢያችሁ