ስልኩ ተቆልፎ ሲሙ ክፍት ሲሆን
ይድረስ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ሲም ካርድ ሲሸጥ በፒን እንዲቆለፍ ስለመጠየቅ

ስልኩ የተሰረቀበት ሰው የሚጽናናው በስክሪኑ ቁልፍ ነው፤ በአሻራ ወይም በፓተርን ስለተዘጋ ሌባው ምንም አያገኝም ብሎ ያስባል። ሌባው ግን ስልኩን ለመክፈት አይደክምም። ሲሙን አውጥቶ ሌላ ቀፎ ውስጥ ይከተዋል፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ወደዚያ ቁጥር የሚደወለውም የሚላከውም የሚደርሰው ለእሱ ነው። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከኮዱ ሌላ የይለፍ ቃል የሚጠይቀው) ያልበራበትን ቴሌግራም በሚላክለት ኮድ ከፍቶ፣ በባለቤቱ ስም ለዘመድ ወዳጅ «ቸግሮኛል፣ ብር ላክልኝ» ብሎ ይጽፋል። የይለፍ ቃል ሲረሳ ኮድ ወደ ስልክ የሚልኩ ኢሜይሎችና ሌሎች አካውንቶችም ያው ናቸው። የስክሪን ቁልፍ የሚጠብቀው ቀፎውን ብቻ ነው፤ ሲሙ የራሱ ቁልፍ አለው።

ያ ቁልፍ የሲም ፒን ነው፤ ከ4 እስከ 8 አሃዝ ይሆናል። ከበራ፣ ሲሙ ሌላ ስልክ ውስጥ ሲገባ ወይም ስልኩ ጠፍቶ ሲበራ ቁጥሩ ካልተነገረው ከኔትወርክ ጋር አይገናኝም። በአንድሮይድ ሴቲንግ ውስጥ በሴኩሪቲ ሥር ይገኛል፤ ቦታው እንደ ስልኩ ዓይነት ይለያያል። በአይፎን ደግሞ በሴሉላር ሥር «ሲም ፒን» ተብሎ ተቀምጧል።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለማብራት መጀመሪያ የሚጠየቀው ከሲሙ ጋር የመጣው ፒን ነው እንጂ አዲስ የተመረጠ ቁጥር አይደለም። እየገመተ 3 ጊዜ የተሳሳተ ሰው ሲሙ ይዘጋበትና ፑክ የሚባለውን 8 አሃዝ ያለው መክፈቻ ቁጥር ይጠየቃል፤ ፑኩን 10 ጊዜ ከተሳሳተ ሲሙ እስከወዲያኛው ይሞታል። ሁለቱም ቁጥሮች ብዙ ጊዜ የሚታተሙት ሲሙ ተላቆ በሚወጣበት ፕላስቲክ ላይ ነው፤ እሱ ደግሞ እዚያው ሱቁ በር ላይ ይጣላል። ደንበኛው ፒኑን ስለሚፈራ ሳይነካው ቢቀር አንፈርድበትም፤ ማንም አላሳየውምና።

ስለዚህ ባለሥልጣኑ ኦፕሬተሮችን እንዲያስገድድ የምንጠይቀው ይህን ነው። የሽያጭ ሠራተኛው ሲሙን ሲያስረክብ ደንበኛው ፒኑን በራሱ እጅ አብርቶ እንዲቀይር ያድርግ፤ ፕላስቲኩንም ቤት እንዲያስቀምጥ ይንገረው። ከ5 ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ፋብሪካው የሚያስቀምጠው ፒንም ለሁሉም ሲም አንድ ዓይነት አይሁን፤ ሁሉም የሚያውቀው ቁልፍ ቁልፍ አይደለም።

ፒን ብቻውን የማይዘጋው አንድ በር አለ፤ ምትክ ሲም። በሐሰተኛ መታወቂያ ምትክ የሚያወጣ ሰው አዲስ ሲም ስለሚሰጠው የአሮጌው ፒን አያግደውም። ምትክ ከመሰጠቱ በፊት በነባሩ ሲም ላይ ማስጠንቀቂያ ይላክ፤ ከተሰጠም በኋላ ቢያንስ ለ48 ሰዓት በዚያ ቁጥር የሞባይል ገንዘብ የሚስጥር ቁጥር መቀየር አይፈቀድ። እውነተኛው ባለቤት ሲሙ በድንገት ኔትወርክ ሲያጣ ደውሎ ለማሳገድ ጊዜ የሚያገኘው ያኔ ነው።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የመቆጣጠሩን ሥልጣን ለመሥሪያ ቤታችሁ ሰጥቷል። ጥያቄያችንን በመመሪያ እንድትመልሱልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር