በገዛ ቁልፌ የሰው መኪና ይዤ ሄድኩ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

እንደምን ሰነበታችሁ? የደሴ ነዋሪ ነኝ፣ ጋዜጣ ላይ ጽፌ አላውቅም፣ ዛሬ ግን ይሄን ካልነገርኩ ሆዴ አልችል አለኝ።

ባለፈው ሰኞ ፒያሳ መኪናዬን አቁሜ ጉዳዬን ጨርሼ ተመለስኩ፣ መኪናዬ ነጭ ኮሮላ ዲኤክስ ናት፣ ከልጆቼ ሁሉ በእድሜ ትበልጣለች። ጉሙ ወርዷል፣ ያካፋል፣ እኔም አንገቴን ደፍቼ በሩን ከፈትኩ ገባሁ አስነሳሁ ሄድኩ፣ በቃ። ወደ ኮምቦልቻ መውጫው ጋ ፍሬን ስረግጥ መኪናዋ ቀጥ! እንዴ? የኔዋ ሁለት ሶስቴ ካልረገጧት መች ትሰማለች፣ የሐረጎን ቁልቁለት ሁሌ በጸሎት ነው የምወርደው። ቀና ስል ስፖኪዮው ላይ የማርያም ስዕሌ የለችም፣ ሙስበሃ ተንጠልጥሏል። እጄ ሁሉ ቀዘቀዘ።

አዙሬ ስመለስ ባለቤቱ፣ አንድ ሐጂ፣ የኔዋ ዲኤክስ አጠገብ ቆመዋል፣ ሰው ከቧቸዋል፣ የፓርኪንግ ልጆቹ ገና ሳልቆም "ሌባ!" ብለው በሩን ያዙት። ወላሂ (ወሎ ክርስቲያኑም ወላሂ ይላል) ሐጂው ባይኖሩ አጥንቴ ይሰበር ነበር። "ተዉት ልጄን፣ የሰረቀ ሰው መልሶ ያመጣል እንዴ?" አሉ። ሊብሬ አውጥተን ተያየን፣ ከዛ ቁልፍ መሞከር ጀመርን። የኔ ቁልፍ የሳቸውን በሩንም ሞተሩንም ይከፍታል፣ የሳቸው ግን የኔን በር ብቻ።

መካኒኬን ብጠይቀው ሳቀብኝ። መቆለፊያው ውስጥ በትንንሽ ሞላ የተያዙ ስስ ብረቶች አሉ፣ የቁልፉ ጥርስ ሁሉንም እኩል ሲያስተካክላቸው ነው የሚዞረው። ብረቶቹ 6 ቢሆኑና እያንዳንዳቸው 4 አይነት ከፍታ ቢኖራቸው 4096 አይነት ቁልፍ ብቻ ይወጣል፣ መኪናው ግን ስንትና ስንት ነው። ያ እንኳን አዲስ እያለ ነው፣ ሲያረጅ ብረቱም ጥርሱም ይበላና የማንንም ቁልፍ አልመልስም ይላል። እኔ ደግሞ ቁልፌን ከኮፒ ላይ ኮፒ እያስቀረጽኩ ነው የኖርኩት፣ ያለቀ ቁልፍ ስታስቀርጽ ማለቁም አብሮ ይቀረጻል። የቆየ ባጃጅ ላይማ የተለመደ ነው፣ ልጆቹን ጠይቋቸው።

አዳዲሶቹ ቁልፋቸው ውስጥ ቺፕ አለ፣ በሩ ቢከፈት እንኳ ቺፑን ካላወቀው ሞተሩ አይነሳም፣ እንግሊዝ አገር በፈረንጆቹ ከ1998 ጀምሮ አዲስ መኪና ያለሱ አይፈቀድም። እኛ ጋ ግን ዲኤክሱም አሮጌ ሃይሉክሱም ገና እየሰራ ነው፣ ባይሆን ሞተሩ እንዳይነሳ የሚያደርግ የተደበቀ ስዊች ማስገባት ነው፣ እኔ በሳምንቱ አስገብቻለሁ።

የጻፍኩበት ዋናው ጉዳይ ግን ይሄ ነው፣ የፓርኪንግ ልጆችም ትራፊኮችም ይሄ ነገር እንደሚያጋጥም ይወቁልን፣ ዱላ ከመነሳቱ በፊት ሊብሬ ይታይ፣ አጠገቡ ተመሳሳይ መኪና ቆሞ እንደሆነ ይጠየቅ። እኔን ያተረፉኝ የሐጂው ልብ እንጂ የሚጠይቅ ሰው አይደለም።

ሐጂውን ማስነሻውን ይቀይሩት ብላቸው እምቢ አሉ። "ከአንተ ሌላ ማን ይወስዳታል፣ አንተን ደግሞ አወቅኩህ" ይሉኛል።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ