ክረምቱ ሳይገባ፦ ለብሎካችን የጋዝና የጭስ ሴንሰር መዋጮ

የብሎካችን ነዋሪዎች፣ አከራዮችም ተከራዮችም፣ ውጭ ያላችሁ ልጆቻችንም፣ ጤና ይስጥልን።

ሰኔ ሲገባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቀዋለን። ይበርዳል። መብራት ይጠፋል። የከሰል ምድጃው ከበረንዳ ወደ ቤት ይገባል፤ መስኮቱም ይዘጋል። ከሰሉ ቀልቶ ጭሱ ሲጠፋ «አሁንማ ደህና ነው» ብለን እንተኛለን። ደህና ግን አይደለም። የቀላው ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለቃል፤ ይህ ጋዝ ደግሞ ቀለምም ሽታም የለውም። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ነው የሚጣበቀው። ያልተኛ ሰው ራሱን ያመዋል፣ ያዞረዋል፣ ያቅለሸልሸዋል። የተኛው ግን ምልክቱን ሳያየው ሊሞት ይችላል።

ድሮ ግቢ ውስጥ ስንኖር ጠዋት ያልተከፈተ በር ወዲያው ያስጠይቅ ነበር። እዚህ ሁላችንም የብረት በር ቆልፈን ነው የምናድረው። ኮሚቴው ይህን ጋዝ ሲያገኝ የሚጮህ ሴንሰር ሲመርጥ፣ አንድ ቤት ውስጥ ብቻ የሚጮኸውን ትቶ እርስ በርሱ የተገናኘውን የወሰደው ለዚህ ነው። አንዱ ቤት ሲጮህ ጥበቃ ቤትም ይጮሃል፤ የቤቱንም ቁጥር ያሳያል። ራሱን የሳተ ሰው ተነስቶ በር ሊከፍት አይችልም። ሌላ ሰው ሰምቶ ሊደርስለት ይገባል። ሴንሰሩ ካሜራ የለውም፣ ድምፅም አይቀዳም።

ስለ ጭስ ሴንሰሩ ብዙ ተከራክረናል። ቡና በተቆላ፣ ዕጣን በጨሰ ቁጥር የሚጮህ ነገር ቤት ውስጥ ቢሰቀል ባትሪው ሳይውል ሳያድር ይወጣል። ስለዚህ የጭሱ ደረጃው ጋ፣ ከቆጣሪዎቹ በላይ ጣሪያ ላይ ይሁን ብለናል። ቤት ውስጥ የሚገባው የካርቦን ሞኖክሳይዱ ነው። ሲሊንደር ላላችሁ ደግሞ የጋዝ ሴንሰር ይጨመራል፤ እሱ ወደ ወለሉ ተጠግቶ ነው የሚገጠመው። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ታች ነው የሚከማቸው።

ቅድሚያ የምንሰጠው ለስቱዲዮዎች ነው፤ እዚያ የሚበሰለውም የሚተኛውም አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ቀጥሎ አራስና አረጋውያን ያሉባቸው ቤቶች ናቸው። «ባለቤቱ ይክፈል፣ ተከራዩ ይክፈል» የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ባይነሳ ደስ ይለኛል። የሚጎዳው እዚያ ቤት የሚያድረው ሰው ነው።

መዋጮው እንደየአቅማችሁ ነው። የኤሌክትሪክ ሙያ ያላችሁ አንድ ቅዳሜ ብትሰጡን የመግጠሚያው ወጪ ይቀርልናል። ከውጭ የምትመጡ ደግሞ የካርቦን ሞኖክሳይድ ሴንሰር ስትገዙ «ዩኤል 2034» (UL 2034) ወይም «ኢኤን 50291» (EN 50291) የሚል የደረጃ ምልክት እንዳለው፣ የአገልግሎት ዘመኑም እንዳላለፈ እዩልን። ሴንሰሩ ከዓመታት በኋላ መቀየር ያለበት ነገር ነው። ከእኛ ሲስተም ጋር እንዲገናኝ ሞዴሉን ቀድማችሁ ጠይቁን።

ሴንሰሩ ተገጠመም አልተገጠመም፣ የነደደ ከሰል ቤት አስገብታችሁ አትተኙ። የሚያዞረው ሰው ካለ በርና መስኮት ክፈቱ፣ ወደ ውጭ አውጡት፣ ፈጥናችሁ ሐኪም ቤት አድርሱት። ለእሳት አደጋ 939 ደውሉ።

የኮሚቴው የጋራ ሒሳብ ቁጥር ደረጃው መግቢያ ላይ ተለጥፏል። በእጅ መስጠት ለምትፈልጉ እሁድ እሁድ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ጀምሮ ኮሚናሉ ውስጥ እንገኛለን። ደረሰኝ እንሰጣለን፤ የገባውና የወጣው ገንዘብም በየወሩ እዚያው መግቢያው ላይ ይለጠፋል።