ስልክህን አታጥፋ

ማሙሽዬ፣

ቴክሳስ፣ ሳን አንቶኒዮ፣ አላሞ የሚሉት አሮጌ ምሽግ ደጃፍ የተነሳኸውን ፎቶ እህትህ አሳየችኝ። ያ ጅራቱ ከኋላ የሚንጠለጠለው የጠጉር ኮፍያ ምንድነው ስላት «የዴቪ ክሮኬት ነዋ አባባ» አለችኝ። አምሮብሃል። ትምህርቱን ትተህ ትራክ መንዳት መጀመርህን ከሰው መስማቴ፣ ስልክህም ሦስት ሳምንት ሙሉ ዝግ መሆኑ ግን አላማረብህም። ስልክህን አታጥፋ።

ስለ ሰውዬው አነበብኩ፤ ጡረተኛ ምን ሥራ አለው። የቴነሲ ድብ አዳኝ ነበር፣ ኮንግረስ የሚሉት ምክር ቤታቸው ገባ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1835 ምርጫ ሲሸነፍ ተናዶ ቴክሳስ ወረደ፣ በ1836 መጋቢት አላሞ ላይ በጦርነት ሞተ። ወሬው ግን ሰውዬው በሕይወት እያለ ነው ከእጁ ያመለጠው። በ1831 ኒውዮርክ መድረክ ላይ እሱን የሚመስል ገጸ ባሕርይ ወጣ። ከዚያ አልማናክ የሚሏቸው ርካሽ ጽሑፎች በየዓመቱ በስሙ ውሸት ሲቆልሉ፣ ከሞተም በኋላ ሃያ ዓመት ቀጠሉ። በ1954 ዲዝኒ በቴሌቪዥን ሲያሳየው ደግሞ የአሜሪካ ልጅ ሁሉ ኮፍያውን ግዙልኝ ብሎ አለቀሰ። በዘፈኑ ገና በሦስት ዓመቱ ድብ ገደለ ይሉታል። አንተ በሦስት ዓመትህ ዶሮ ትፈራ ነበር።

እኔን የያዘኝ ሌላ ነው። በ1834 ባሳተመው የራሱ ታሪክ፣ በ13 ዓመቱ ትምህርት ቤት ተደባድቦ የአባቱን ዱላ ፈርቶ ጠፋ። ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ ሲመለስ፣ አባቱ እንግዳ ያሳድር ነበርና፣ እንደማንኛውም መንገደኛ ማደሪያ ጠይቆ ዝም ብሎ ማዕድ ቀረበ። ታላቅ እህቱ ናት ለይታው አንገቱ ላይ የተጠመጠመችው። ዱላውም ቀረለት።

እኔም ከአባቴ አርጩሜ ሸሽቼ ከደጀን ስጠፋ 14 ዓመቴ ነበር። ዓባይን በእግሬ ተሻገርኩ እያልኩ በየበዓሉ ሳወራ ነው ያደግኸው። በእግሬ አይደለም፣ የጭነት መኪና ላይ፣ ጤፍ ጆንያ ላይ ተኝቼ ነው። ሰው ሲስቅልኝ ጨመርኩበት። መመለሴን ግን አውርቼልህ አላውቅም። በአምስተኛው ዓመት ነው። በሩን የከፈተችልኝ እትዬ ነበረች፣ ጥቁር ለብሳ።

ያን የካርድ ቀን ቀበቶ ማንሳቴንም አልረሳሁትም።

ትራኩን ንዳ፣ አልከለክልህም። ሌሊት እንቅልፍ ሲመጣብህ ግን ዳር ይዘህ ተኛ፣ ኢንሹራንሱን ራስህ አንብብ፣ ያልገባህ ወረቀት ላይ አትፈርም። እናትህ በርበሬ እያስፈጨች ነው፣ ሽሮም አለ፤ የሚመጣ ሰው አግኝተናልና እስከ ሐሙስ አድራሻህን ላክ። ስልክህን ክፈት፣ ልጄ። ማታ ማታ እደውላለሁ።

አባትህ