የኩሽኔታው ዕድሜ በቀን መቁጠሪያ አይለካም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

አዳማ በሚገኝ የዱቄት ፋብሪካ ውስጥ ለረጅም ዓመታት በጥገና ሥራ ላይ የቆየሁ ባለሙያ ነኝ። በከተማችን አንዳንድ ፋብሪካዎች ማሽን እስኪቆም ጠብቀው ይጠግናሉ፤ ሌሎች ደግሞ «ሳይቃጠል በቅጠል» በማለት ሁሉንም ማሽን በየሦስት ወሩ ይፈታሉ። ስለ መጀመሪያው ጉዳት ብዙ ተብሏል፤ የሁለተኛው ግን ብዙም አይነሣም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ አንዳች ችግር ያልታየበት የትልቁ ፋን ሞተር ቀኑ ስለደረሰ ብቻ ተፈትቶ ኩሽኔታው (ዘንጉን ይዞ በኳሶች ላይ እንዲሽከረከር የሚያደርገው ክፍል) ተቀየረ። አዲሱን ወደ ዘንጉ ያስገቡት የውጭ ቀለበቱን በመዶሻ እየመቱ ነበር፤ እንዲህ ሲደረግ ኃይሉ በኳሶቹ በኩል ስለሚያልፍ መሮጫቸው ላይ በዓይን የማይለይ ጠባሳ ይቀራል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ካቻቪቴ ሞተሩ ላይ ደግፌ እጀታውን ጆሮዬ ላይ ሳደርግ አሸዋ የሚፈጭ ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። በማግስቱ ሌሊት ሞተሩ ነክሶ መዞር አቆመ፤ መለዋወጫ እስኪገኝም መስመሩ ሁለት ቀን ቆመ።

የአሜሪካው ዩናይትድ አየር መንገድ ባለሙያዎች ስታንሊ ኖውላንና ሃዋርድ ሂፕ እ.ኤ.አ. በ1978 ባቀረቡት ጥናት፣ ከመረመሯቸው የአውሮፕላን ክፍሎች መካከል ዕድሜያቸው በገፋ ቁጥር የመበላሸት ዕድላቸው እየጨመረ የሚሄደው 11 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ወፍጮ አውሮፕላን አይደለም፤ የሲሊንደሩ ጥርስና የወንፊቱ ጨርቅ በእርግጥም በሥራ ብዛት ስለሚያልቁ በፈጩት ኩንታል ልክ መቀየራቸው ተገቢ ነው። ተጠባባቂ ያላት ትንሽ ፓምፕ ግን እስክትበላሽ ብትሠራ የሚጎዳ የለም።

የእህል ማንሻው ኩሽኔታ ከሁለቱም ይለያል። ሲግል በአየር ላይ ያለውን የዱቄት ብናኝ አቀጣጥሎ ፍንዳታ ሊያስነሣ ስለሚችል እስኪበላሽ መጠበቅ የሰው ሕይወት ያስከፍላል፤ ያለ ምክንያት መፍታትም በፋኑ ላይ የደረሰውን ያስከትላል። መፍትሔው ሙቀቱንና ንዝረቱን በየፈረቃው መለካትና ካለፈው ጋር ማነጻጸር ነው፤ ጭነቱ ሳይጨምር ትናንት 55 ዲግሪ የነበረው ዛሬ 70 ካሳየ ሊመረመር ይገባል።

ስለዚህ የፋብሪካ ባለቤቶች የዓመቱን የጥገና ዕቅድ ከማጽደቃቸው በፊት፣ እያንዳንዱ ማሽን ሲቆም ምን እንደሚከተልና ከመቆሙ በፊት ምን ምልክት እንደሚሰጥ ከጥገና ሠራተኞቻቸው ጋር ተቀምጠው እንዲጽፉ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ የጥገና ባለሙያ፣ ከአዳማ